ከቀብር እስከ ተዝካር፦ በስደት አገር ያረፉ አያትን የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ

በቀብር ዕለት የሚነበበው አጭር የሕይወት ታሪክ ሁላችንም የምናውቀው መልክ አለው። የአባትና የእናት ስም ጠርቶ ይጀምራል፤ ለጋስነታቸውንና እንግዳ ተቀባይነታቸውን ያወሳል፤ ልጆችንና የልጅ ልጆችን ቆጥሮ ያበቃል። ልቅሶ ደራሽ እየተቀበሉ በአንድ ሌሊት የሚጻፍ በመሆኑ አጭር መሆኑ አያስወቅስም። ይሁን እንጂ እኔ ለሴት አያቴ በጻፍኩት ታሪክ ውስጥ በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ያሳለፏቸው ሦስት የስደት ዓመታት «በሱዳን በኩል ወደ አሜሪካ መጡ» በሚል አንድ ሐረግ ታልፈዋል፤ በዋሽንግተን አካባቢ የኖሩት ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ዕድሜም ከአንድ መስመር አላለፈም። ለአርባ ቀን ተዝካር እንደገና ጻፍኩት። ከዚህ በታች ያለው ያን ጊዜ የተማርኩት ነው።

አርባው ቀን ለዚህ ሥራ የተሰጠ ያህል ምቹ ነው። የሐዘን ቤቱ ሰው እየተፈራረቀ የሚገባበት፣ ስልኩ ከአገር ቤት የሚጮኽበት፣ ለዓመታት ያልተገናኙ ሰዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሣልስቱ ጀምሮ አንድ ደብተር ለይታችሁ፣ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑንም ጻፉ፤ ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ሲናገሩ ማን ምን እንዳለ ካልታወቀ በኋላ ማመሳከር አይቻልም። ቅድሚያ መስጠት ያለባችሁ ለልጆቻቸው አይደለም። ልጆች እናታቸውን የሚያውቁት እናት ከሆኑ በኋላ ነው፤ ልጅነታቸውንና ኮረዳነታቸውን የሚያውቁት እኩዮቻቸው፣ የጽዋ ማኅበር ጓደኞቻቸውና አብረዋቸው የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። የንስሐ አባታቸው ኑዛዜ አይናገሩም፤ የክርስትና ስማቸውን ግን ያውቃሉ፤ ብዙ የልጅ ልጆችም ይህን ስም የሚሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ በፍትሐቱ ላይ ነው። ወደ አገር ቤት ስትደውሉ የዋሽንግተንና የኢትዮጵያ ልዩነት በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት መሆኑን አስታውሱ፤ አረጋውያንን ማነጋገር የሚሻለው እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ነው።

ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው የቀን ጉዳይ ነው። በስደተኛ መታወቂያ ላይ የተጻፈውን የልደት ቀን እንዳለ አትቀበሉ። የተወለደበትን ቀን በሰነድ ማስረዳት ላልቻለ ስደተኛ ጃንዋሪ 1 ብሎ መመዝገብ የተለመደ ነበር፤ የብዙ አያቶቻችን ልደት በአንድ ቀን የዋለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአያቴ ወረቀት ላይ ያለው ጃንዋሪ 1 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ነበር፤ እኔም በቀብሩ ዕለት ይህንኑ አንብቤያለሁ። በሐዘኑ ቤት የነበሩ አንዲት የሠፈራቸው ሰው ግን «ጣልያን ጎንደር ሲገባ ጡት አልጣለችም፤ የተወለደችውም በሚካኤል ዋዜማ ነው» አሉኝ። ጣልያን ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው፤ እናታቸው የሚዘክሩት የኅዳርን ሚካኤል እንደነበር ሌላ ዘመድ አረጋገጠልኝ። ስለዚህ የተወለዱት ኅዳር 11 ቀን 1927 ዓ.ም. አካባቢ ነው ማለት ነው፤ ወረቀቱ በአምስት ዓመት አሳንሷቸው ነበር።

ይህ የቁጥር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጡረታ የሚሰላው በወረቀቱ ዕድሜ በመሆኑ፣ አያቴ አምስት ዓመት ሙሉ ጨምረው የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉና መታጠቢያ ቤት ሲያጸዱ ኖረዋል። ይህን ሳውቅ ነው የጉልበታቸው ሕመም ከየት እንደመጣ የገባኝ።

አረጋውያን ዓመተ ምሕረት ባይጠሩም ዘመኑን የሚያስሩበት ነገር አላቸው። «ጣልያን በወጣ» ሲሉ 1933 ዓ.ም. ነው፤ «በታኅሣሥ ግርግር» ሲሉ 1953፤ «ንጉሡ በወረዱ» ሲሉ መስከረም 1967፤ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ» ሲሉ ዓመቱን ራሱን ጠርተውታል። አንዱን ከያዛችሁ በኋላ «ያኔ የበኩር ልጃቸው ይራመድ ነበር ወይ?» እያላችሁ ሌላውን ከእርሱ ታሰላላችሁ። የውጭ አገር ሰነድ ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱ ደግሞ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ቀንሱ፤ ጃንዋሪ 1984 ከአጋማሹ በኋላ ጥር 1976 ሲሆን፣ ኦክቶበር 1984 ግን ከአጋማሹ በኋላ ጥቅምት 1977 ነው። በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይባል የሚቀር ዓመት አይኑር።

ሰነድ ፍለጋውን በአያት ሻንጣ ጀምሩ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚልከው የገቢ መግለጫ በየዓመቱ ያገኙትን ደመወዝ ስለሚዘረዝር የሥራ ዘመናቸውን በትክክል ያሳያል፤ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞች ደግሞ ማንን እንዳስተማሩና የማንን ቤት ክዳን በቆርቆሮ እንዳስለወጡ ይነግራሉ። ከዚህ በተጨማሪ የአሜሪካ የዜግነትና የስደት አገልግሎት መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ስደተኛ ፋይል ይይዛል፤ ቤተሰብ የሞት ማስረጃ አያይዞ በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ቅጂ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ለአርባ ቀን ላይደርስ ይችላል፤ ለሙት ዓመቱ ግን ይጠቅማል። ስማቸው በየሰነዱ በተለያየ የላቲን ፊደል ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ያገኛችሁትን አጻጻፍ ሁሉ በጥያቄው ላይ አስፍሩ።

የአሜሪካውን ዘመን ስትጽፉ «ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን በማሳደግ ኖሩ» ብላችሁ አትለፉ። ጤፍ ባልነበረበት ጊዜ እንጀራ በምን ዱቄት ጋገሩ? ከአይዳሆ የመጣውን ጤፍ መጀመሪያ ሲቀምሱ ምን አሉ? ወደ ሥራ የሚሄዱበትን አውቶቡስ ቁጥሩን ሳያነቡ በምን ይለዩት ነበር? የዜግነት ፈተናውን የተፈተኑት በምን ቋንቋ ነው? ዕድሜው ከ55 ዓመት በላይ ሆኖ በቋሚ ነዋሪነት 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ሆኖ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአስተርጓሚ ሊመልስ ስለሚችል፣ ብዙ እናቶች የአሜሪካን ሕገ መንግሥት በአማርኛ አጥንተዋል። ማን እንዳስጠናቸው ጠይቁ፤ በእኛ ቤት ያስጠናቻቸው የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበረች።

መርዶውንም ጻፉ። በማለዳ በሩ ሲንኳኳና ጎረቤት ሁሉ ነጠላ አዘቅዝቆ ሲገባ፣ አያቴ እህታቸው ማረፏን ከመነገራቸው በፊት አውቀዋል። አልቀበሯትም፤ በመቃብሯም ላይ አልቆሙም። ያን ዕለት ያወረዱትን ሙሾ የሰማች አንዲት ሴት ሁለት ስንኝ አስታውሳ ነገረችኝ፤ ከጻፍኩት ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው እርሱ ነው። ስንኝ ስታገኙ የጎንደርም ሆነ የወሎ አነጋገሩን ሳታቃኑ እንደተባለ አስቀምጡ።

በጉዞ ላይ የሞተ ልጅ፣ እስር፣ የተደበቀ ጋብቻ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን በደብተሩ አኑሩት፤ በአደባባይ የሚነበበው ግን ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች ሁሉ ሲፈቅዱ ብቻ ይሁን። እኔ አንድ ገጽ ሳላነብ ያስቀረሁት የእናቴን ፊት አይቼ ነው፤ አልተጸጸትኩም።

የድሮ ፎቶግራፎችን ጀርባቸውን ጭምር ስካን አድርጉ። በዚያ ዘመን በደብዳቤ ፋንታ ይላክ የነበረ በድምፅ የተቀዳ ካሴት ካለ ደግሞ በቤት ማጫወቻ አትሞክሩት፤ ክሩ ሊበጠስ ስለሚችል በቀጥታ ለባለሙያ ሰጥታችሁ ወደ ዲጂታል አስገልብጡ።

ጽሑፉን በአማርኛ ከጨረሳችሁ በኋላ አማርኛ ለማያነቡት የልጅ ልጆች በሚያውቁት ቋንቋ አዘጋጁ። ለተዝካሩ ስታትሙት ሰፊ ኅዳግ ተዉለት፤ ከየጠረጴዛው ላይም እስክርቢቶ አስቀምጡ። በአያቴ ተዝካር ካደልናቸው ቅጂዎች አሥራ አንዱ በኅዳጋቸው ላይ እርማት ተጽፎባቸው ተመልሰዋል፤ በአንደኛው ላይ በገዳሪፍ ቡና ያፈሉበት የነበረው ጀበና የማን እንደነበር ተጽፏል።