ሄድሴቱ «አላውቅህም» ሲል

ሆሎሌንስ 2 (የማይክሮሶፍት) እና አፕል ቪዥን ፕሮ ሄድሴቶች ናቸው፤ ማለትም ራስ ላይ ታስረው ዓይን ፊት የሚቀመጡ ኮምፒውተሮች። ሰውን የሚለዩት በአይሪስ ነው፤ በዓይን ብሌን ዙሪያ ባለው ባለ ቀለም ቀለበት። እምቢ ሲል ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን አጥፍተን እናበራዋለን። ቪዥን ፕሮ ላይ ይህ አይጠቅምም፤ እንደገና ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፓስኮድ ነው።

አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል

ካሜራው ዓይናችሁን በደንብ አላየም። ሄድሴቱ ተንሸራቷል፣ ወይም ውስጡ ላብና የጣት አሻራ ይዟል። በንጹሕ ደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጉት፣ ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ድጋሚ ሞክሩ። ባለ ቀለም ኮንታክት ሌንስ ካደረጋችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ፓስኮድ ብቻ ይላል

አልተበላሸም። ቪዥን ፕሮ 5 ጊዜ ካልተሳካለት፣ ወይም ከ48 ሰዓት በላይ ሳይከፈት ከቆየ፣ ሆን ብሎ ነው የሚጠይቀው። ፓስኮዱን አስገቡ፣ አለቀ። አይሪሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ መመዝገብ ትርፉ ድካም ነው።

ካሊብሬሽን ጨርሻለሁ፣ አሁንም አያውቀኝም

ይሄ ሰውን ግራ ያጋባል። ካሊብሬሽን (ሄድሴቱን ከዓይናችሁ ጋር ማስተካከል) ለመሣሪያው የሚነግረው ዓይናችሁ የት እንዳለና ወዴት እንደሚያይ ነው። ማን እንደሆናችሁ አይነግረውም። ሆሎሌንስ ላይ ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ ሳይን-ኢን ኦፕሽንስ ገብታችሁ አይሪሱን ለብቻው አስመዝግቡ።

አንድ መሣሪያ፣ ብዙ ሰው

ዋናው ራስ ምታት እዚህ ነው። ሆሎሌንስ 2 በድርጅት አካውንት ሲከፈት እስከ 64 ተጠቃሚ ይይዛል። በአይሪስ እንዲገቡ የሚመከረው ግን ለ10 ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ አንዱን ሰው ከሌላው የማምታታት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ አልፎ አልፎ የሚጠቀሙት ሰዎች አይሪሳቸውን አጥፍተው በፒን ወይም በሴኪዩሪቲ ኪይ (ማንነትን በሚያረጋግጥ ትንሽ መሣሪያ) ይግቡ።

ሁለተኛ ሰው የሚጨመርበት ቦታ ጭራሽ ከጠፋባችሁ፣ የተከፈተው በግል የማይክሮሶፍት አካውንት ሊሆን ይችላል። ያ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። ሪሴት አድርጎ በድርጅት አካውንት ከመክፈት ሌላ መንገድ የለውም።

ቪዥን ፕሮ ደግሞ ባለቤቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላ ሰው የሚሞክረው ባለቤቱ በሚከፍትለት የእንግዳ ሁነታ ነው። «ፓስኮዱን ልስጠውና ይገላግለኝ» አትበሉ፤ ፓስኮዱን የያዘ ሰው የራሱን ዓይን በእናንተ ቦታ ማስመዝገብ ይችላል።