ሃሺማ ደሴትን ሐይቅ ዳር ለማስመር

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የጃፓኗን ሃሺማ ደሴት ሰሌዳ ላይ በካርታ ያስተማርኩ ቀን ልጆቹ አንዲት ነጥብ አይተው አዛጉ። አልፈርድባቸውም። አሁን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር እወስዳቸዋለሁ። ሜትር፣ ሲባጎና አራት ችካል ይበቃል።

መጀመሪያ 10 ሜትር ለኩና በስንት እርምጃ እንደምታልፉት ቁጠሩ። እኔ 14 ይፈጅብኛል። ሃሺማ ናጋሳኪ አጠገብ ባሕር ላይ ያለች ደሴት ናት፤ ርዝመቷ 480፣ ወርዷ 160 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ካለው «ፍቅር ሐይቅ» ከሚባለው መዝናኛ ተነስቼ ዳር ዳሩን 672 እርምጃ እሄዳለሁ። ልጆቹ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። አንዴ የበቆሎ እሸት ጠባሽ አይተው 300 ላይ ቆጠራው ጠፋባቸው፤ እንደ አዲስ ጀመርን። ጫፍ ስትደርሱ ዞር ብላችሁ አሳዩአቸው፤ ደሴቷ በቃ ይህችው ናት። ወርዱን በዓይን ገምቱት፣ አለዚያ ሐይቅ ትገባላችሁ።

አሁን ሲባጎውን በችካሎቹ 3 በ4 ሜትር አድርጋችሁ ወጥሩ። በፈረንጆቹ 1959 እዚያች 6.3 ሄክታር ላይ 5,259 ሰው ይኖር ነበር። ሲካፈል ለአንድ ሰው 12 ካሬ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም፣ የማዕድኑ ማሽንም ከዚያችው ላይ ነው የሚቀነሰው። አንዱ ልጅ ገብቶ ቆመና «ቲቸር፣ የኛ ዶሮ ቤት ይበልጣል» አለኝ። ወደ ጎን ቦታ ስለሌለ ወደ ላይ ሠሩ። በ1916 የቆመው የኮንክሪት አፓርታማ በጃፓን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

«ለምን እዚያ ታጨቁ?» ይሏችኋል። በድንጋይ ከሰል ምክንያት ነው። ሚትሱቢሺ ደሴቷን በ1890 ገዛ፤ ከሰሉ ያለው ከባሕሩ ወለል ሥር ነው። ዙሪያዋን እየደለደሉና ግንብ እየገነቡ አሰፏት። ከሩቅ የጦር መርከብ ስለምትመስል ጉንካንጂማ የሚል ቅጽል ወጣላት። ልጆቹ ይህን ይወዱታል። እናንተ ግን ወሬውን መርከቧ ላይ አታቁሙት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮሪያውያንና ቻይናውያን በግዳጅ እዚያ ጉድጓድ ወርደው ሠርተዋል፤ የሞቱም አሉ። ይህን እኔ ሳልቸኩል ነው የምናገረው።

ነዳጅ ከሰልን ሲተካ ማዕድኑ በ1974 ተዘጋ። በጥቂት ወር ውስጥ ደሴቷ ባዶ ቀረች። ጎብኚ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 2009 ነው።

ሲባጎውን ጠቅልሉ፣ ችካሉንም ነቅላችሁ ሂዱ። ባለፈው አንዱን ረስቼ ፎቶ አንሺው ልጅ ከነካሜራው ተደናቅፎበታል።