ናፓ ስትሄዱ በባዶ ሆድ አትቅመሱ

ካሊፎርኒያ፣ ናፓ ሸለቆ የምትሄዱ ካላችሁ ሴይንት ሄሌና ያለውን ቪ. ሳቱዪ ወይን ጠጅ መጥመቂያ እዩት። ቪቶሪዮ ሳቱዪ የተባለ ጣሊያናዊ ስደተኛ እ.ኤ.አ. በ1885 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የጀመረው ነው። አሜሪካ መጠጥ ስትከለክል ተዘጋ፤ የልጅ ልጁ ልጅ ዳሪዮ በ1976 አሁን ያለበት ቦታ ላይ እንደገና ከፈተው።

ከመቅመሳችሁ በፊት እዚያው ካለው ሱቅ ዳቦና ቺዝ ገዝታችሁ ዛፍ ጥላ ሥር ብሉ (ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ቺዙ ይቅር፣ ወይራ አለ)። ከውጭ መጠጥ ይዞ መግባት ግን አይቻልም። ቅዳሜና እሁድ ስለሚጨናነቅ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሂዱ። የቀመሱትን መትፋት እዚያ ነውር አይደለም፣ መትፊያው የተቀመጠው ለዚሁ ነው። የሚነዳው ሰው ግን ጭራሽ ባይቀምስ ይሻላል። በበጋ የገዛችሁትን ጠርሙስ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትዙሩ፤ ሙቀቱ ጣዕሙን ያበላሸዋል።