ዊል ወይስ ዉድ? «ነበር»ን ፈልጉ

በእንግሊዝኛ ስትጽፉ «ዊል» ልበል ወይስ «ዉድ» ብላችሁ እጃችሁ ከቆመ፣ ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ ለራሳችሁ ተናገሩትና አጨራረሱን ተመልከቱ። «ጊዜ ካገኘሁ እደውልልሃለሁ» ካላችሁ ነገሩ ሊሆን የሚችል ነው፤ ስለዚህ «ኢፍ አይ ሃቭ ታይም፣ አይ ዊል ኮል ዩ» ይሆናል። «ጊዜ ባገኝ እደውልልህ ነበር» ካላችሁ ግን ጊዜው የለም፣ ምኞት ብቻ ነው፤ «ኢፍ አይ ሃድ ታይም፣ አይ ዉድ ኮል ዩ»። መጨረሻው ላይ «ነበር» ካለ ብዙውን ጊዜ «ዉድ» ነው። «ሃድ» ያለፈ ጊዜ መስሎ ብዙ ሰውን ያደናግራል፤ እዚህ ግን የሚያወራው ስለ አሁን ነው። ለትናንቱ ቁጭት «ዉድ ሃቭ ኮልድ» አለላችሁ።

በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከ«ኢፍ» ጋር ባለው ክፍል ውስጥ «ዊል»ንም «ዉድ»ንም አታስገቡ። «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ ታይም» የሚል የሥራ ማመልከቻ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ይወጋኛል።

የ«ነበር» ዘዴ የማይሠራበት ቦታም አለ። «ዊል ዩ ኦፕን ዘ ዶር» ስሕተት ባይሆንም አለቃ ለበታቹ የተናገረው ይመስላል፤ ለማታውቁት ሰው «ዉድ ዩ» በሉ። በኢሜይልም «አይ ዋንት» ከማለት «አይ ዉድ ላይክ» ይሻላል። የሌላ ሰው ንግግር ስታስተላልፉም እንዲሁ ነው፤ እኛ «እመጣለሁ አለ» ብለን እናልፈዋለን፣ እንግሊዝኛው ግን «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም» ይላል።