አዲስ የውሃ ፓምፕ ብሬከር ሲጥል

ግማሽ ፈረስ ጉልበት የነበረው አሮጌ ፓምፕ ይነሳና አንድ ተኩል ፈረስ ጉልበት ያለው ይገዛል። በዚያው ገመድ ይታሰራል። ብሬከሩ መውደቅ ሲጀምር ለእኔ ለኤሌክትሪሻኑ ይደወልልኛል፦ "ፓምፑ ፎርጅድ ነው መሰለኝ።" አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ጤነኛ ነው። እኔ የምጠይቀው ብሬከሩ መቼ እንደሚወድቅ ነው።

ገና ሲበራ ከወደቀ

ይህ ፓምፕ በ220 ቮልት ሲሠራ 8 አምፔር ገደማ ይስባል። ሲነሳ ግን ለአፍታ 40ና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ብሬከሩ ላይ ከቁጥሩ በፊት ያለችውን ፊደል እዩ። "ቢ" (B) 10፣ ማለትም ባለ 10 አምፔር፣ ከሆነ ያንን አይችልም። የገመዱ ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ፣ የመነሻውን አምፔር የሚታገሠውን "ሲ" (C) 16 አስገቡ። እሱም ወዲያው ከወደቀ ሾርት ሳይኖር አይቀርም፣ ገመዱንም ፓምፑንም ፈትሹ።

እያጉረመረመ ካልተነሳ፣ ወይም ቆይቶ ከወደቀ

እኔን ያስመረረኝ ይሄ ነው። አንዲት እማማ ቤት ፓምፑ ጓሮ ሮቶው ሥር ነው፣ ከማከፋፈያው 40 ሜትር ይርቃል። የተሳበው 1.5 ገመድ ነው። ያ ገመድ ደርሶ መልስ 1 ኦም ገደማ ይሆናል፤ 40 አምፔር ሲያልፍበት 40 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ደግሞ መብራቱ ራሱ ወደ 190 ቮልት ይወርዳል። ለፓምፑ 150 ቮልት ቢደርሰው ነው። በዚህ አይነሳም። ባለመነሳቱም የመነሻውን አምፔር መሳቡን አያቆምም፣ ብሬከሩም ይግልና ይወድቃል።

ከእኔ በፊት የመጣው "ባለሙያ" 32 ብሬከር ገጥሞላቸው ሄደ። ብሬከሩ ዝም አለ፣ እማማም መረቁት። ሁለት ወር ሳይሞላ ኮሪደሩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ገመዱን ስስበው ሽፋኑ ቀልጦ ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። እዚያ ግድግዳ ማዶ የልጅ ልጃቸው ይተኛል!

ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው። 1.5 ላይ 32 የሚገጥም ሰው ቤታችሁ አይግባ።

መፍትሄው ከማከፋፈያው ለብቻው የተሳበ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድና ሲ 16 ብሬከር ነው። በ4 ገመድ ያው 40 አምፔር 15 ቮልት ገደማ ብቻ ያስጠፋል። ሱቅ ውስጥ ገመዱን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ መልሱት። ቱቦ ውስጥ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ አይኖርም። የብሬከሩንም ብሎን አጥብቁ፤ የላላ ብሎን ብቻውን ብሬከር አግሎ ይጥላል።

ሰፊ ገመድ ማታ የወረደውን መብራት አይመልስም። ከ180 በታች ከሆነ ፓምፑን ሌሊት አስነሱት።

ቢጫና አረንጓዴውን የግራውንድ (የመሬት) ገመድ ቆርጠው የሚተዉ ሰዎች ደግሞ አሉ። ውሃና መብራት አንድ ላይ ባሉበት ቦታ! ግራውንድ ይታሰር፣ መብራት ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያፈስ የሚቆርጠው 30 ሚሊ አምፔር የሊኬጅ ብሬከርም ይግባ። እሱ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ከወደቀ የማገናኛው ሳጥን ውሃ ሳይገባበት አይቀርም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ፓምፑ ካጉረመረመ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ሞቷል። ማንም ውሃ ሳይከፍት እየተነሳ ከጠፋ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ቼክ ቫልቭ ያሳልፋል ወይም አንዱ ቧንቧ ያፈሳል።

የወደቀው ቆጣሪው ጋ ያለው ዋናው ብሬከር ከሆነ ማኅተሙን አትንኩ። ምጣድና ፓምፑን አንድ ላይ አታብሩ፣ ኃይል ለማስጨመርም አመልክቱ።