ለስላሳ የቅቤ ዳቦ፦ ማሽኑ ያቡካ፣ ምድጃው ይጋግር

የዳቦ ማሽን ያላችሁ የጎጃም ወገኖች፣ ለእራት የሚቀርበውን ትንንሽ የቅቤ ዳቦ ማሽኑ እንዲጋግረው አትተዉት፤ የሊጥ ፕሮግራሙን ብቻ ምረጡና መጋገሩን ለምድጃ ስጡት። በመጀመሪያ 250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 1 እንቁላልና 60 ግራም የለሰለሰ ቅቤ ይጨመራል፤ ቀጥሎ 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 50 ግራም ስኳርና 8 ግራም ጨው ይገባል፤ እርሾው መጨረሻ ላይ ጨው በማይነካው ቦታ ይቀመጣል። ቅቤው ለጋ ይሁን፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ ለዶሮ ወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በእርሾው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ፣ ሊጡ በቆላ ከሚቦካው ፈጥኖ ኩፍ ይልና ብዙ ከቆየ ምድጃ ውስጥ ይሟሽሻል። ስለዚህ መመሪያው 7 ግራም ደረቅ እርሾ ቢል 5 ግራም ይበቃል። ማሽኑ ማቡካት በጀመረ በ5ኛው ደቂቃ ክዳኑን ከፍታችሁ ሊጡን ንኩት፤ ጣት ላይ ጥቂት ተጣብቆ የሚለቅ ድቡልቡል ከሆነ ደኅና ነው፤ ከደረቀ ወተት በማንኪያ ጨምሩበት። (መብራት መሐል ላይ ከጠፋ አትጠብቁ፤ አውጥታችሁ በእጅ ጨርሱት።)

ሊጡ 15 ቦታ ተድቦልቡሎ ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ እጥፍ ሲሆን በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 18 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። እንደወጣ ትኩሱን የቀለጠ ቅቤ ቀብታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ እንፋሎቱ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል።