ከቀብድ በፊት ጠበቃ፦ በወሎ ከተሞች ቤት ለሚገዙ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ጠበቃ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ተቆርጦ፣ ቀብድ ተሰጥቶ፣ ውል የሚጻፍበት ቀን ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ለጠበቃው የሚቀረው ሥራ ጽሕፈት ብቻ ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ማጣራቱ ላይ ነው፤ ማጣራት ደግሞ ገንዘብ ከእጅ ሳይወጣ መሆን አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ካርታው (የይዞታ ማረጋገጫው) እንደሚያጠራጥር ዘግይቶ ያወቀ ገዢ በራሱ ፈቃድ ከወጣ የሚከስረው እሱ ነው። ሻጩ ያለ ቀብድ አልጠብቅም ካለ መጠኑን ያሳንሱ፤ በጽሑፍ ያድርጉት። «ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነፃ ሆኖ ካልተገኘ ወይም ሻጩ ለመሸጥ መብት ከሌለው ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ዐረፍተ ነገርም ይግባበት።

እኛ አገር የቤት ሽያጭ ብቻ የሚሠራ የተለየ የሕግ ሙያ የለም፤ የሚቀጥሩት መደበኛ ጠበቃ ነው። የክልሉ ፍትሕ ቢሮ የሰጠውንና የታደሰ ፈቃዱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ራፖር ጻፊዎች ውል አሳምረው ይጽፋሉ፣ የሻጩን ፋይል ግን አያገላብጡም። ደላላው ያመጣውን ጠበቃ አለመያዝ ይሻላል፤ የደላላው ድርሻ የሚገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ስለሆነ «ይቅርብዎ» የሚል ጠበቃ አይመቸውም። ለሻጭም ለገዢም አንድ ጠበቃ መያዝም ጥል ሲነሳ ያለ ጠበቃ ያስቀራል። ክፍያውን ስትስማሙ ሥራውን ዘርዝራችሁ ጻፉ፦ ማጣራት፣ ውል ማርቀቅ፣ ውል የሚረጋገጥበት ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት አብሮ መቅረብ፣ ስም ማዛወር። ብዙ ጠብ የሚነሳው ስም ማዛወሩ «በዋጋው ውስጥ ነው» «አይደለም» እየተባለ ነው።

ማጣራቱ ከካርታው ይጀምራል። ፎቶ ኮፒ ማየት አይበቃም፤ ጠበቃው በሻጩ ፈቃድ ከተማ አስተዳደሩ መሬት ክፍል ሄዶ ዋናውን ማኅደር ከካርታው ጋር ያስተያይ። ስሙ፣ የካርታ ቁጥሩ፣ ስፋቱና አገልግሎቱ አንድ ነው? ይዞታው ነባር (ያለ ሊዝ የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ)? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ አለ? ግንባታው ገና ያልተጀመረ ወይም ግማሽ ያልደረሰ የሊዝ ቦታ ማስተላለፍ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ልዩ ሥርዓት አለው፤ «ባዶ ቦታ» ሲባሉ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ስለዚህ ሻጩ የያዘው ምትክ ካርታ ከሆነ መቼና በምን ምክንያት እንደተሰጠ፣ የመጀመሪያውስ በዕዳ መያዣነት ባንክ ተቀምጦ እንደሆነ መጠየቅ ሰውን መጠራጠር አይደለም። የባንክ መያዣም ሆነ የፍርድ ቤት እግድ ካለ ማኅደሩ ውስጥ መታየት አለበት፤ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ በቅርብ ቀን የተጻፈ ይሁን።

ቦታውን ያስለኩ። ደሴ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ በተሠራ ግቢ ውስጥ የድጋፍ ግንቡ ከካርታው ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ግንቡ ቢናድ ማን ይሠራዋል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በአሮጌ ሰፈሮች ደግሞ በአንድ ግቢ የግልና የቀበሌ ቤት ጎን ለጎን ይገኛሉ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰን ቤት ነዋሪው ሊሸጠው አይችልም፤ «ቁልፍ ሽያጭ» የሚባለው መብት አያስተላልፍም። ከከተማው ዳር በገበሬ መሬት ላይ የተሠራ የጨረቃ ቤትም እንዲሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም ይላል፤ ሽማግሌ ቢቀመጥበት፣ ዱዓ ቢደረግበት ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ፊት አይጸናም። ዋጋው ርካሽ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ማን ይፈርማል ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያልፈቀደው የትዳር ጓደኛ በኋላ ፍርድ ቤት ሽያጩን እንዲሽርለት መጠየቅ ይችላል። ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። የውርስ ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ከመደበኛ ፍርድ ቤትም ሆነ ወራሾቹ ፈቅደው ከሄዱበት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ይምጣ፣ ሁሉም ወራሾች በስም ተዘርዝረው ሁሉም መፈረም አለባቸው። ከታላቅ ወንድም ጋር ብቻ መዋዋል፣ ጅዳ ያለችው እህት ስትመለስ ክስ ይዞ ይመጣል።

የወሎ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ዐረብ አገር ባለ ሰው ወኪል ነው፤ ውክልናውን ቃል በቃል ያንብቡት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ውክልና አይበቃም፤ «ይህን ቤት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» ተብሎ መጻፍ አለበት። በውጭ የተሰጠ ከሆነ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያጸደቀው ይሁን። ወካዩ ከሞተ ወይም ከሻረው ውክልናው ስለሚቀር፣ በፊርማው ሳምንት ሰውየውን በቪዲዮ ስልክ ማነጋገር ትልቅ ነገር ነው።

ውሉ ራሱ በጽሑፍ፣ ፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ ይህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ነው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወስኗል። በመንደር የተፈራረሙት ወረቀት፣ ምስክሮቹ ምንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ፣ ሻጩ በካደ ቀን አያድንም።

ዋጋውን አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ነው፤ እባክዎ አያድርጉት። ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያስመልስልዎ የተጻፈውን ነው። ክፍያው በባንክ ወይም በሲፒኦ ይሁን፤ የተወሰነው ክፍል ስሙ እስኪዛወር ይቆይ፣ ሻጩም ይህን በውሉ ይቀበል። ውሉን የሚያፈርስ ወገን የሚከፍለው መቀጫ (ገደብ)፣ የሽያጭ ግብሩንና የቴምብር ቀረጡን ማን እንደሚከፍል፣ ቤቱ የሚለቀቅበት ቀን፣ የመብራትና የውኃ ውዝፍ በማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ተከራይ ካለ መቼ እንደሚወጣም ጭምር።

ከፊርማው በኋላ ስም ማዛወሩን አያዘግዩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2878 መሠረት ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እስኪመዘገብ ድረስ በሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም፤ ሻጩ ቤቱን ለሌላ ደግሞ ቢሸጥ ወይም አበዳሪው ቢያሳግደው የእርስዎ ውል ብቻውን አይከላከልም። አዲሱ ካርታ ሲወጣ ሙሉ ስምዎን ከነአያት፣ የቦታውን ስፋትና ቁጥሩን ከመታወቂያዎና ከውሉ ጋር እዚያው ጠረጴዛው ላይ ያስተያዩ፤ የተሳሳተ ፊደል ካለ ሳይወጡ ያሳርሙ። ለሻጩ የተያዘው ቀሪ ክፍያ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።